አውጫጭኝ

ሌሊት አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ጉሙ ወርዷል ከመንገዱ።
ደብረ ብርሃን ተሸፋፍናለች፤ ውሾቿም እንኳ በረዱ።
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጓሮ፣ ከተከራየኋት ክፍል፣
መብራት የለም፤ ላፕቶፔም አሥራ አንድ በመቶ ሲል፣
ያቺን ብልጭታ እንደገና ፎቶን በፎቶን ቆጠርኳት፤
ብትሰማኝ ኖሮ፣ ከወዴት ነሽ ብዬ አገሯን በጠየቅኳት።

የጋማ ጨረር ፍንዳታ ቸኩሎ መጥቶ ቸኩሎ ያልፋል፤
ቦግ ብሎ፣ ድርግም ብሎ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጠፋል።
ይቺ ግን ሺህ አንድ መቶ ሰከንድ፣
እንደ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ
እየተንጨረጨረች፣ እያጨሰች ቆየች።
ስፔክትረሟን ዘርግቼ ጫፉን በጣቴ ስለካው
ዶልዱሟል፣ እንደ ከረመ ማጭድ፣ ሞረድ ከቶ እንዳልነካው።
ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ብርቱው ስለታም፣ ደካማው ደግሞ ዱልዱም፤
ከሦስት መቶ ነጥብ አንዱ ከመሥመሩ ብዙ አይወጣም።
የእኔዋን ግን የት ላስቀምጣት?
ርቀቷ ካልታወቀ ጉልበቷን ማን ሊለካላት?
ሩቅ ከሆነች፣
ፀሐያችን ዕድሜ ልኳን በቁንጥር የምትሰፍረውን
ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ዘርግፋ የሄደች፣ ሕግ የናቀች።
ቅርብ ከሆነች፣
ጉሮሮዋን የጠረገች አንዲት ተራ ኮከብ ነበረች።

ዶክተር ወንድይፍራው ትናንት ደወሉ።
«በስሕተት ክቡ ውስጥ ስንት ጋላክሲ አለ?» አሉ።
ሰባት፣ አልኳቸው።
«እንግዲያው ለቅርቧ ስጪያት።
ባለቤት የሌላት ብልጭታ ማንም አያትምልሽም፤
ሰኔም እንደሁ አይጠብቅሽም።»

አያቴ ባሻ ወሰኑ፣ ጌራ ምድር ላይ፣ ጭቃ ሹም ነበሩ።
በታኅሣሥ አንድ ሌሊት የጥሩወርቅ የገብስ ክምር ነደደ፤
ሲነጋ ያገሩ ሰው ተጠርቶ ከድንጋይ ካቡ ተማገደ፤
አውጫጭኝ ተባለ።
በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ማለ።
በሁለተኛው ቀን ሁሉም ማለ።
በሦስተኛው ቀን ሰው ራበው፤
የራበው ሰው ስም አያጣም፤
ወፍ ነገረችኝ ለማለት አፉን ብዙ አያደክምም።
ወልደየስ ነው አሉ። ቀጥቃጩ።
ካገሩ ዳር ብቻውን የሚያድር፣
እሳት የሚያውቅ፣ ዘመድ የሌለው፣
ለመጠርጠር የሚያመች ሰው።
አንድ በሬ ከፈለ።
በዓመቱ ወናፉን በአህያ ጭኖ
ወደ ይፋት ቆላ ወረደ፤ ማንም አልሸኘውም።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እጄን ይዘው፣
«ማን እንደለኮሰው እስከዛሬ አላወቅሁም» አሉኝ አያቴ።
ቆይተው ደግሞ፦
«እሱ አለመሆኑን ግን ዐውቅ ነበር፣ ልጄ።»

ስለዚህ ዛሬ የሰማይ ጭቃ ሹም ሆኜ፣ በጋቢ ተጠቅልዬ፣
ሰባቱን ጋላክሲ ሰበሰብኩ፣ በስሕተት ክቡ ካብ ከልዬ።
አንዷ አሮጊት ናት፤ ኮከቦቿ ቀልተዋል፤
«እኔ ከወለድኩ ቆየሁ» አለች።
ሁለቱ ደብዛዞች፣ «እንኳን እሳት፣ ጭስም የለን» ብለው ማሉ።
ሦስቱ ርቀታቸው ሳይለካ በጎን ተቀምጠው ዝም አሉ።
ቅርቧ ጥግ ላይ ናት፣ ብቻዋን፤
ስሟ ቁጥር ነው፤ ጎረቤት የላትም።
አልማለችም። አልጠየቅኳትም።

እኔም ራበኝ።
ሦስት በመቶ ሲቀር ሠንጠረዡን ከፈትኩ።
ቆይታ፦ ጻፍኩ። የስፔክትረም ጫፍ፦ ጻፍኩ።
ርቀት፦ ባዶ።
ኃይል፦ ባዶ።
ባለቤት፦ አልታወቀም።
አስቀመጥኩት። ወዲያው ጨለመ።

ሊነጋጋ ሲል የፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ይወጣል፤
ሳል ይሰማል፣ ጫማ ይሰማል፣ ሰው ግን አይታይም።
ከጉሙ ውስጥ አንዱ ክብሪት ጫረ፤
ከመስኮቴ ሥር ይሁን ከአስፋልቱ ማዶ፣
ክብሪት ይሁን ችቦ እንኳ መለየት አልቻልኩም፤
ነጥብ ነው ያየሁት።
ከዚያ ጠፋ፤ የእግር ኮቴው ብቻ ቀጠለ።